አሮጊቷ ዝም ስትል

ዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርሱ አሮጊቷ አንድ ጊዜ አስነጠሰች፣ ደገመች፣ ከዚያ ጉልበቱ እንደከዳው ሰው ቀጥ ብላ ቆመች። ሹፌሩ ማርሹን ወደ አንደኛ መለሰና ነዳጅ ረገጠ። ሞተሩ ይዞራል፣ መኪናዋ ግን ንቅንቅ የለም። ከኋላ የተደረደሩት መኪኖች ክላክሳቸውን ያንባርቁበት ጀመር።

"ኧረ እንውረድላት ምስኪን" አሉ ዘንቢል አቅፈው ከኋላ የተቀመጡ ወፍራም ሴትዮ። "እኔም እንደሷ ዳገት ላይ ነው የሚጠናብኝ።"

"ችግር የለም እማማ፣ አሁን ትነሳለች።"

"መነሳቱንማ ትነሳለች" አለ አጠገባቸው የነበረው ባለከረባት፣ በሩን እየከፈተ። "በፍርድ ቀን ነው እንጂ።" ሂሳብም ሳይከፍል ሽቅብ መራመድ ጀመረ።

ሹፌሩ አልጠራውም። እሱ ጆሮው ሞተሩ ላይ ነበር። የሚገርመው ነገር፣ አሁንም ሞተሩ ዝም እንዳለ ነው። አይንኳኳም፣ አያንቋርርም። እንዲህ ፀጥ ያለች መኪና እንዴት ዳገት ያቅታታል?

በታክሲ ተራው ስሙን የሚጠራው የለም። "የአሮጊቷ ባል" ነው የሚሉት። አሮጊቷ መኪናዋ ነች። የሱን ግማሽ ዕድሜ አብራው ኖራለች፤ መጀመሪያ ለአለቃው ሲነዳት ቆየ፣ አለቃው ድርጅቱን ሲዘጋ ደግሞ በደመወዝ ፋንታ "ውሰዳት" ብሎ ቁልፏን ጣለለት። ጠዋት ከሚስቱ በፊት እሷን ነው ደህና አደርሽ የሚላት እየተባለ ይቀለድበታል። ቀልድ ነው ብሎ ግን ማንም አይምልም።

ሴትዮዋ እያቃሰቱ ወረዱ። የሙሉ መንገድ ሂሳብ ወንበሩ ላይ ትተውለት ሄዱ። ግማሽ መንገድ ነው ያደረስኳቸው ብሎ ሊመልስላቸው ነበር፣ ግን ፊታቸውን ሲያየው ያዘኑለት መሰለው፤ አፈረና ብሩን ኪሱ ከተተ። ፍሬኑን ለቀቅ ያዝ እያደረገ ቁልቁል ወደ ኋላ አንሸራተታት። ጋራዡ ዳገቱ እግር ስር ነው።

መካኒኩ ከአንድ ጭነት መኪና ሆድ ስር ተስቦ ወጣ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ አሮጊቷን ከፊት እስከ ኋላ አያት።

"እኔ እኮ ተፋታችሁ ብዬ ነበር" አለ። "ድሮ ወር አይሞላህም፣ ቫልቭ አስተካክልልኝ እያልክ ነጋ ጠባ ነበርክ። ምን ነካህ?"

"ምን ላድርግ፣ ድና ነዋ። መንኳኳቱን ከተወች ቆየች። የማይጮህ ልጅ ሐኪም ቤት ይወሰዳል እንዴ?"

"አዎ" አለ መካኒኩ። "እሱ ነው በሩጫ የሚወሰደው።"

ኮፈኑን ከፈተ። አንዱን ካንዴላ ፈትቶ አወጣና በቀዳዳው ላይ አውራ ጣቱን ደፈነበት። "በል አዙራት" አለው። ሹፌሩ ቁልፉን አዞረ። ደህና ሞተር ቢሆን ትንፋሹ ያንን ጣት ሽቅብ ያባርረው ነበር። መካኒኩ ጣቱን ሳያነሳ ቆሞ ጣራ ጣራ ያያል።

"ልትስመኝ እንኳን አልቻለችም" አለ። "ትንፋሽ የላትም። ልክፈታት?"

"ክፈታት።"

ከፈታት። ሹፌሩ ጎማ ላይ ተቀምጦ እያንዳንዱ ቡሎን ሲፈታ ጥርሱ የሚነቀል ይመስል ፊቱን ያጨማድዳል። በመጨረሻ መካኒኩ የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታ የሚሉትን ያን ከባድ ብረት፣ አቅፎ አነሳና ጠረጴዛው ላይ በጀርባው ገለበጠው። በቤንዚን አጠበው። ከዚያ የሹፌሩን ጣት ይዞ ብረቱ ላይ አስኬደው።

"ይሄ ቤንዚን የሚገባበት ቫልቭ ነው። እኩል ነው፣ አይደል? አሁን ወደዚህ ና። ይሄ ጭሱ የሚወጣበት ነው።"

ጣቱ ገደል ገባ። ቫልቩ ብረቱ ውስጥ ሰምጦ ሰምጦ፣ በጣት ጫፍ የሚዳሰስ ጉድጓድ ሆኗል። የሚቀጥለውም እንዲሁ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውም።

"ምን በላው?"

"ዘመኑ በላው። ድሮ ቤንዚኑ ውስጥ እርሳስ የሚባለውን ብረት ይቀላቅሉበት ነበር። መርዝ ነው፣ የልጆችን አእምሮ ይበላል፣ ተከለከለ፤ ደግ አደረጉ። ለአሮጊቶች ግን ያ መርዝ ትራስ ነበር። ቫልቩ በተዘጋ ቁጥር መቀመጫው ላይ ለስለስ ብሎ የሚያርፈው በሱ ነው። የዛሬ መኪኖች መቀመጫቸው ጠንካራ ብረት ነው፣ ትራስ አያስፈልጋቸውም። ያንተዋ ግን ባዶዋን ስትወቀጥ ከረመች።"

"እኮ ለዚሁ አይደል እንዴ መድኃኒት የማፈስላት? በሞላሁ ቁጥር አንድ ጠርሙስ። አንድ ቀን ዘልዬ አላውቅም።"

መካኒኩ እጁን ዘረጋ። ሹፌሩ ከወንበሩ ስር ጠርሙሱን አምጥቶ ሰጠው፤ ቀይ ፈሳሽ ነው፣ ከላዩ የአንበሳ ሥዕል ተለጥፎበታል። መካኒኩ ከፈተው፣ አሸተተው፣ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ በጣቱ አሸው፣ እንደገና አሸተተው። ከዚያ ክዳኑን ቀስ ብሎ መልሶ ገጠመው።

"ይሄ ላምባ ነው ወዳጄ። ቀለም የገባበት ላምባ። ትራስ እሸጥልሃለሁ ብሎ የትራስ ልብስ ነው የሰጠህ።"

"ግን እኮ ዝም አለች" አለ ሹፌሩ። ድምፁ ክርክር አልነበረበትም፤ ልመና ነበር። "ይሄን ማፍሰስ ከጀመርኩ ወዲህ ነው ዝም ያለችው።"

"እኔም እሱን እያልኩህ ነው። የሚንኳኳው ቫልቩና የሚገፋው ብረት መሃል ትንሽ ክፍተት ስላለ ነው። ቫልቩ ሲሰምጥ ወደዚያ ተገፋ፣ ክፍተቱ ጠበበ፣ ጠበበ፣ ጠፋ። ክፍተት ከሌለ ምን ይንኳኳ? አንተ ተሻላት ስትል እሷ እየታነቀች ነበር።" ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣለ። "ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰውዬ መኪና አልነበረውም።"

ከዚያ በሁለቱ ጉድጓዶች መሃል እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር በጥፍሩ አሳየው። ስንጥቅ ነው። ሌላው ሁሉ ይጠገን ነበር፣ መቀመጫውን አስፍቆ ጠንካራ ቀለበት ማስተከል ይቻል ነበር፤ የተሰነጠቀ ግን ለብረት ገዢ ካልሆነ ለማንም አይሆንም።

ሹፌሩ ስንጥቁን እያየ የሚያስበው ሌላ ነገር ነበር። በተራው ላይ የድሮ መኪና ያላቸው ሰዎች ልማድ አላቸው። ጠዋት ተራ ሲጠብቁ ኮፈን ይከፈትና ረጅም ካቻቢቴ ይመጣል፤ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮ ላይ አድርገው የአንዳቸውን ሞተር ሌላው ያዳምጣል። የሱ አሮጊት ዝም ካለች ወዲህ ያን ካቻቢቴ ለስንቱ አቀብሏል! "ስማት፣ ስማት እስቲ፣ ትንፍሽ ትላለች?" እያለ። ሰዎቹም ሰምተው፣ ተገርመው፣ ቀጥ ብለው ወደ ጠርሙስ ሻጩ ነበር የሚሄዱት። ሻጩ ደግሞ ሌላ ሰው አይደለም፤ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። ለመኪና መድኃኒት ይሸጣል ብለው "ፋርማሲ" የሚሉት።

ከሁሉም የሙሽራው ነገር ከነከነው። ሙሽራው ካገባ ገና ነው፤ የሚስቱን ወርቅ አስሽጦ የአሮጊቷን ታናሽ እህት የመሰለች መኪና የገዛው በማንም ምክር አይደለም፣ በሱ ምክር ነው። "የድሮ ብረት ነው፣ መድኃኒቷን ብቻ አታጓድልባት" ብሎ ያስገዛው እሱ ነው። ትናንት እኮ እየሳቀ መጥቶ፣ "ጋሼ፣ የኔም ዝም አለች" ብሎታል።

"አንድ ልጅ አለ" አለ መካኒኩን። "የሱ ገና አሁን ነው ዝም ያለችው።"

"እንግዲያው ይምጣ። ካልተሰነጠቀ ይተርፋል። ግን ዛሬ ነገ ሳይል፤ ጭነት ይዞ ዳገት መውጣቱንም ይተው።"

ቤቱ ሲደርስ ወደ ዋናው በር አልሄደም። በጓሮ ዞረ። ፋርማሲ ዕቃውን የሚያዘጋጅባት ጠባብ ክፍል በሯ ገርበብ ብሏል። ሽታው ተቀበለው። ይህን ሽታ ሁልጊዜ የመድኃኒቱ ሽታ ነው ብሎ ሲያልፈው ኖሯል፤ ሰው የለመደውን አያሸትም።

ሚስቱ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የመቅጃውን ኢምቡቶ ከጠርሙስ ወደ ጠርሙስ ታዘዋውራለች። ወንድሟ ጀሪካኑን በሁለት እጁ አዘንብሎ ይቀዳል።

"ዛሬ በጊዜ መጣህ" አለች። "መኪናዋስ?"

"ሞተች።"

ጀሪካኑ ቀና አለ።

"መካኒኩ ይሄ ላምባ ነው ይላል" አለ ሹፌሩ።

ፋርማሲ እህቱን አያት። ጢም ያለው ሰው ነው፣ አሁን ግን ብርጭቆ የሰበረ ልጅ መሰለ። "እሷ ትሙት ጋሼ፣ የመጀመሪያው በርሜል እውነተኛ ነበር። ከዚያ ያመጣልኝ የነበረው ሰውዬ ጠፋ። ደንበኛ በላይ በላዩ ይጠይቀኛል። አለቀ ልበላቸው?"

"አዎ። አለቀ በላቸው።"

"ልል ነበር እኮ። አንተ ነህ ያሳሳትከኝ።"

"እኔ?"

"እንዴ! ላምባውን ቀላቅዬ የመጀመሪያውን ጠርሙስ ለማን ሰጠሁ? ላንተ። ዓይንህን ማየት እየፈራሁ ነው የሰጠሁህ። ይሄኔ መጥቶ ያንቀኛል ስል፣ አንተ ጭራሽ ዳነች ብለህ ተራውን በሙሉ ሰብስበህ ታሰማለህ። እኔ መካኒክ አይደለሁም። ይሠራል ማለት ነው አልኩ።"

ሹፌሩ አንዱን የተሞላ ጠርሙስ አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። ያበሳጨው ውሸቱ ቢሆን ኖሮ ደህና ነበር፤ ይሄኛው ግን እውነት ነው።

"አንተ ወጣ በል" አለችው ሚስቱ ወንድሟን። ፋርማሲ ግድግዳውን ታክኮ ወጣ።

"አንቺ ታውቂ ነበር?" አላት።

"ላምባውን ከሱቅ የማመላልሰው ማን መሰለህ።" ኢምቡቶውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። "ቁጭ በል።"

"አልቀመጥም።"

"ቆመህም ስማኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ኮርኒስ ሲቆጥር አይተኸዋል። ጠዋት ልቀሰቅሰው ስገባ በሕይወት አለ ወይስ የለም እያልኩ ነበር የምገባው። ሰው ስሙን ሲጠራው፣ ጫማውን ሲጠርግ ያየሁት በዚህ ጠርሙስ ነው። እናቴ እጄ ላይ ጥላው ነው የሞተችው። እሳት እንደወለደችው ላም ሆኛለሁ፤ ልላሰው ብል ያቃጥለኛል፣ ልተወው ብል ልጄ ነው።"

"የሰው ሞተር እየበላ ነው።"

"ሞተር ብረት ነው። ወንድሜ ሰው ነው። እነዚያ ሹፌሮች ቢሰሙ ምን እንደሚያደርጉት ታውቃለህ። ወይ አጥንቱን ይሰብሩታል፣ ወይ ያሳስሩታል። ሲወጣ ወደዚያው ሶፋ ነው የሚመለሰው፣ ከተመለሰ።"

"ሙሽራው ሚስቱን ወርቋን ነው ያስሸጣት። እሱም ሰው ነው።"

"የራሱ ሚስት ታልቅስለት" አለች። ከዚያ የተናገረችው እሷንም አስደነገጣት መሰል፣ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ያቺን መኪና ስንቴ ነው ጆሮህን ለጥፈህ ያዳመጥካት? እኔን አንድ ቀን..." አልጨረሰችውም። የጠርሙሱን አፍ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። "ይተዋል። እኔ አስተወዋለሁ። አንተ ብቻ አትናገር። ከአፍህ እንዳይወጣ፤ ማልልኝ።"

ሹፌሩ ወለሉን አየው። የተሞሉት ባንድ በኩል፣ ባዶዎቹ በሌላ በኩል ተሰልፈዋል፤ የአንበሳዎቹ ሥዕሎች ሁሉ ወደሱ ዞረዋል። በትዳራቸው ዘመን ይህቺ ሴት እንዲህ ለምናው አታውቅም። ስትጣላው ታውቃለች፣ ስታኮርፍ ታውቃለች፣ ስትለምን ግን አይቷት አያውቅም።

"ከአፌ አይወጣም" አላት። "በሞትሽ።"

እጁን ይዛ ሳመችው። እጇ ላምባ ይሸታል።

የግቢውን በር ከፍቶ ሊወጣ ሲል ነው ከጓሮ የሰማው። ድል ድል ድል የሚል የሚቀዳ ፈሳሽ ድምፅ። ቆሞ አዳመጠ። አንዱ ጠርሙስ ሞላ፣ ጀሪካኑ ቀና አለ፣ ሌላው ተጀመረ። መተው ማለት እንግዲህ የተጀመረውን ጨርሶ ነው። ሲያልቅ ደግሞ ሌላ በርሜል፣ ሌላ ምክንያት።

ወደ ጋራዡ ተመለሰ።

"ቴስታታውን ስጠኝ" አለው መካኒኩን።

"ለብረት ገዢ ነው? እኔ እኮ የማውቀው ልጅ አለ፣ ደህና ዋጋ..."

"ለመድኃኒት ገዢዎች ነው።"

መካኒኩ አየት አደረገውና ምንም ሳይጠይቅ ማዳበሪያ ፈልጎ ብረቱን ከተተለት። አንስቶ ትከሻው ላይ አሸከመው። ከባድ ነው፤ ጠርዙ አጥንቱ ላይ ይቆረቁራል። ላዳ ጠርቶ ጭኖ መሄድ ይችል ነበር፣ ግን ከሹፌሮቹ አንዱን መጥራት ሊኖርበት ነው፣ ያ ደግሞ ማውራት ሊያስከትል ነው። በእግሩ ሄደ።

ተራው ላይ ከሰዓት የሚገቡት ሹፌሮች በድንጋዩ አጥር ላይ ተደርድረው ይቀልዳሉ። መጀመሪያ ያየው ወፍራሙ ነው፤ ወያላዎች ሁሉ የሚፈሩት ባለ ትልቅ ሆድ።

"የአሮጊቷ ባል፣ ሚስትህን አዝለህ መጣህ?"

"ምነው፣ ዳገት ላይ ቀረች ሲሉ ሰማን" አለ ሌላው። "ለሷም ምርኩዝ ግዛላት እንጂ።"

አጥሩ ላይ ቦታ እስኪለቁለት ጠበቀ፣ ማዳበሪያውን አወረደ፣ ብረቱን አውጥቶ በጀርባው ገለበጠው። ጨዋታው ቀስ በቀስ ቆመ። ለሹፌር የተከፈተ ቴስታታ ማየት ሬሳ እንደማየት ነው፤ ሁሉም አንገቱን ያሰግጋል፣ ማንም መጀመሪያ አይጠጋም።

ሙሽራው ከመኪናው ወርዶ መጣ። ባንድ እጁ ጠርሙስ ይዟል፣ ገና ያልተከፈተ።

"ጋሼ፣ የርስዎ ነው?"

ሹፌሩ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

"ምን ሆነች? ደህና አልነበረች እንዴ?"

ሹፌሩ የሙሽራውን ባዶ እጅ ያዘ። አመልካች ጣቱን ቀጥ አድርጎ፣ መካኒኩ እሱን እንዳደረገው፣ መጀመሪያ ደህናው ቫልቭ ላይ አስኬደው፤ ከዚያ ወደ ሰመጠው አሻገረው። ጣቱ ገደሉ ውስጥ ሲገባ ልጁ ወደ ብረቱ ጎንበስ አለ። ወደሚቀጥለው ወሰደው። ወደዚያኛውም። በመጨረሻ ስንጥቁ ላይ አሳረፈለት።

ሙሽራው ብረቱን አየ፣ በሌላ እጁ የያዘውን ጠርሙስ አየ።

"ይሄ ሁሉ... መድኃኒቱን እያፈሰሱባት?"

ሹፌሩ የልጁን ጣት ስንጥቁ ላይ ጫን አደረገው።

"ዝም ያለችው ለዚህ ነው? የኔዋም?" ድምፁ ከፍ አለ። "እርስዎ እኮ ነዎት ግዛ ያሉኝ። በአማችዎ ጠርሙስ ትርፍ ተካፋይ ነዎት ሲሉኝ፣ ጋሼማ እንዲህ አያደርግም ብዬ ሰው ያስቀየምኩት። ይናገሩ እንጂ።"

መሐላው አንድ ቃል ቢፈቅድለት፣ ተካፋይ አይደለሁም የምትለውን ብቻ ይል ነበር። ያቺ ቃል ከወጣች ግን ሌላው ተከትሏት ይወጣል። የልጁን እጅ ሳይለቅ በሌላ እጁ ወደ ዳገቱ እግር፣ ወደ ጋራዡ አመለከተው። ሂድ፣ አሁን ሂድ። ሙሽራው እጁን ነጥቆት ጠርሙሱን አጥሩ ላይ አስቀመጠና ወደ መኪናው ሮጠ።

ይሄኔ ፋርማሲ አዲስ የሞላውን ጠርሙስ በቦርሳ ተሸክሞ ከመንገዱ ማዶ ብቅ አለ። ሊሻገር እግሩን አንስቶ ነበር። የተሰበሰበውን ሰው አየ፣ መሃል ያለውን ብረት አየ፣ እግሩን መለሰ። ቦርሳውን ቀስ ብሎ መሬት አኖረና ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ለማን እንደሚደውል ሹፌሩ ያውቃል። ስታነሳው ምን እንደምትመስልም ያውቃል።

ሰዎቹ አሁን እርስ በርስ እየተያዩ ነው። አንዳንዱ ወደ ማዶ ማየት ጀምሯል። ወፍራሙ ከአጥሩ ወርዶ ብረቱ ላይ ጎንበስ አለ።

"አልገባኝም" አለ። "ምኑ ነው የተበላው?"

ሹፌሩ ወደ ማዶ አንድ ጊዜ ዞሮ አየ። ከዚያ የወፍራሙን ጣት ያዘ።